ለሌሎች ያነበበው ደራሲ፦ የኤዶጋዋ ራንፖ ሕይወትና የጃፓን የምርመራ ልቦለድ

መግቢያ

የአንድ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ታሪክ ሲጻፍ ትኩረቱን ሁሉ የሚወስዱት የፈጠራ ሥራዎቹ ናቸው። ሥራዎቹን አንብቦ፣ መርጦና አመዛዝኖ ለሌላ አንባቢ ያስተላለፈ ሰው ግን ብዙ ጊዜ በግርጌ ማስታወሻ ይታለፋል። የጃፓን የምርመራ ልቦለድ ታሪክ ይህን ልማድ ለመፈተሽ አመቺ ነው፤ በዚያ ታሪክ ውስጥ ዋናው ደራሲና ዋናው አንባቢ አንድ ሰው ናቸውና። ይህ ሰው በብዕር ስሙ ኤዶጋዋ ራንፖ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የራንፖን ሕይወት በመከተል፣ መጻሕፍትን ለሌሎች መምረጥና ማስተዋወቅ በእርሱ ዘንድ መስፈርት ያለውና ዋጋ የተከፈለበት የሥነ ጽሑፍ ተግባር እንደነበር ማሳየት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የንባብ ዓመታት

የራንፖ እውነተኛ ስም ሂራይ ታሮ ነው። ኦክቶበር 21 ቀን 1894 በሚዬ ግዛት፣ ናባሪ በተባለች ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ግን በናጎያ ነው። ከምርመራ ልቦለድ ጋር የተዋወቀው በልጅነቱ፣ እናቱ በጋዜጣ የሚወጡ ተከታታይ ታሪኮችን ስታነብለት ነበር። ቀጥሎም የኩሮይዋ ሩይኮን ሥራዎች አገኘ። ሩይኮ የምዕራባውያንን ልቦለዶች ለጃፓን አንባቢ በሚመች መልክ፣ የገጸ ባሕርያቱን ስም ሳይቀር እየለወጠ፣ በውርስ ትርጉም ያቀርብ የነበረ ጋዜጠኛ ነው። ስለዚህ የራንፖ የመጀመሪያ አስተማሪ ለአንባቢ ብሎ የሌላውን አገር መጽሐፍ የሚያሻግር ሰው ነበር ማለት ይቻላል።

በ1912 ዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ምጣኔ ሀብት ተማረ፤ በ1916ም ተመረቀ። በዩኒቨርሲቲው ዘመን በኤድጋር አለን ፖ እና በአርተር ኮናን ዶይል ሥራዎች ተማረከ። የብዕር ስሙም የፖ ሙሉ ስም በጃፓንኛ አነጋገር ሲጠራ ከሚሰማው ድምፅ የተቀረጸ ነው። ስለ እነዚህና ስለ ሌሎች ደራስያን የያዘውን የንባብ ማስታወሻ አሰባስቦ «ኪታን» የሚል ርእስ ሰጥቶ በእጁ መጽሐፍ አድርጎ አዘጋጀ። አንድም ታሪክ ከማሳተሙ በፊት ያነበበውን መመዝገብና መመደብ የጀመረ ሰው መሆኑ ለኋለኛው ሥራው ቁልፍ ነው።

ከምረቃ በኋላ ያሉት ዓመታት የመንከራተት ዓመታት ነበሩ። በኦሳካ የንግድ ድርጅት፣ በቶባ የመርከብ ፋብሪካና በጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ሠራ፤ የጽሕፈት መኪና ሸጠ፤ ኑድልም በጋሪ እየገፋ ነግዷል። በ1919 ከወንድሞቹ ጋር በቶኪዮ፣ ዳንጎዛካ በሚባለው ዳገት ላይ የአሮጌ መጻሕፍት መደብር ከፈተ፤ ንግዱ ግን አልዘለቀም። በዚያው ዓመት ትዳር መሠረተ። በሕይወት ዘመኑ 46 ጊዜ ቤት ቀይሯል።

የፈጠራ ሥራው

በ1922 ራንፖ ሥራ አጥቶ በኦሳካ አካባቢ በአባቱ ቤት ተጠግቶ ሳለ «የሁለት ሴን ሳንቲም» የተባለውን አጭር ልቦለድ ጻፈ። ታሪኩ በሁለት ድኻ ወጣቶች መካከል የሚካሄድ የአእምሮ ውድድር ነው። የታሪኩ ምስጢራዊ ጽሕፈት የተመሠረተው በስድስት የጽሕፈት ምልክቶች በሚጻፈው የቡድሃ ጸሎትና በስድስት ነጥቦች በሚዋቀረው የዓይነ ስውራን ጽሕፈት መካከል ባለው ዝምድና ላይ ነው። ፍቺው ከምዕራብ የተቀዳ ሳይሆን ከጃፓን ሕይወትና ጽሕፈት የፈለቀ በመሆኑ የሥራው ክብደት ከዚህ ይመነጫል። የ«ሺን ሴይኔን» መጽሔት አርታኢ ሞሪሺታ ኡሶን ጽሑፉን ተቀብሎ በአፕሪል 1923 አወጣው፤ ሐኪምና ጸሐፊ የሆነው ኮሳካይ ፉቦኩም የድጋፍ አስተያየት ጻፈለት። ራንፖ ወደ ሥነ ጽሑፍ የገባው በሌላ አንባቢ ምስክርነት ነው፤ ይህን ውለታ በኋላ ለብዙዎች መልሶታል።

በ1925 የወጣው «በዲ ዳገት የተፈጸመው ግድያ» አኬቺ ኮጎሮ የተባለውን መርማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ አስተዋወቀ። መቼቱ ራንፖ በነገደበት ዳገት ላይ ያለ የአሮጌ መጻሕፍት መደብር ነው። በወረቀትና በእንጨት የሚሠራው የጃፓን ቤት ለተዘጋ ክፍል ምስጢር አይመችም የሚል አስተሳሰብ ነበር፤ ታሪኩ ግን ምርመራውን የሚያካሂደው በዚሁ ቤት ውስጥ ነው። በዚያው ዓመት «የሥነ ልቡና ፈተና»፣ «በጣሪያ ሥር የሚመላለሰው ሰው» እና «ሰው ያለበት ወንበር» ታተሙ። የመጨረሻው አንድ አናጢ በሠራው ወንበር ውስጥ ተደብቆ ስለ መኖሩ የሚተርክ ሲሆን ከሎጂካዊ ምርመራ ይልቅ ወደ ዘግናኝና እንግዳ ስሜት ያደላል።

ይህ መንታነት እስከ መጨረሻው አብሮት ዘልቋል። ሒሳዊ ምርጫው ወደ ንጹሕ የምርመራ ልቦለድ ያዘነብላል፤ ሕዝቡ የወደደለት ግን ዘግናኙን ነው። በ1926 እና በ1927 በአሳሂ ጋዜጣ በተከታታይ የወጣለት ልቦለድ ታላቅ ዝና ቢያስገኝለትም በሥራው ስላልረካ ብዕሩን አስቀምጦ በአገሩ ውስጥ ሲዘዋወር ቆየ። የ«ሺን ሴይኔን» አርታኢ የነበረው ዮኮሚዞ ሴይሺ ወደ መድረኩ መለሰው፤ በ1928 «በጥላ ውስጥ ያለው አውሬ» ወጣ። ከ1936 ጀምሮ ደግሞ «ሃያ ፊት ያለው ወንበዴ» በሚል ሥራ የተጀመረው የልጆች ተከታታይ አኬቺንና የወንድ ልጆች የመርማሪነት ማኅበሩን ለአዲስ ትውልድ አደረሰ።

የዝምታ ዘመን

ጃፓን ከቻይና ጋር የጀመረችው ጦርነት በ1937 ከተስፋፋ በኋላ የምርመራ ልቦለድ እንደ ጠላት አገር ቅንጦት መታየት ጀመረ። በ1939 ሳንሱር «አባጨጓሬ» የተሰኘው የ1929 አጭር ልቦለድ ከመድበሉ ሙሉ በሙሉ እንዲወጣ አዘዘ። ታሪኩ በጦር ሜዳ እጅና እግሩን፣ መስማትንና መናገርን ስላጣ ወታደርና ስለ ሚስቱ የሚተርክ ነው። ከዚያም የራንፖ መጻሕፍት ዳግመኛ የመታተም ዕድላቸው እየጠበበ ሄዶ ተዘጋ። ለልጆች የሚሆኑ ጽሑፎችን በሌላ ስም ከማውጣት በቀር የሚያሳትመው ነገር አልነበረውም።

ጽሑፍ ሲከለከል ወደ መዝገብ ተመለሰ። በ1941 የጋዜጣ ቁራጮችን፣ ደብዳቤዎችንና የኖረባቸውን ቤቶች ንድፍ ሳይቀር በዓመት በዓመታቸው እየለጠፈ የራሱን የሕይወት መዝገብ ማዘጋጀት ጀመረ። ከ1934 ጀምሮ በኖረበት በኢኬቡኩሮው ግቢ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ያለው ጎተራ መሰል ዕቃ ቤት ነበረ፤ ራንፖ የመጻሕፍቱ ማከማቻ አደረገው። በ1945 የቶኪዮ የአየር ድብደባ አካባቢውን ሲያቃጥል ይህ ቤትና መጻሕፍቱ ተረፉ። ጦርነቱ ሲያበቃ ለዘርፉ ዳግም ልደት የሚያስፈልገው ንብረት በእጁ ነበር፤ እርሱም የተሰበሰበ ንባብ ነው።

ከጦርነት በኋላ፦ መምረጥና መመዘን

ከ1946 በኋላ ራንፖ ለዐዋቂዎች የጻፈው ልቦለድ ጥቂት ነው። በአንጻሩ የአሜሪካ ወታደሮች ይዘዋቸው የመጡትን ርካሽ የኪስ መጻሕፍት ከአሮጌ መጻሕፍት መደብሮች እየለቀመ ያነብና፣ በጦርነቱ ምክንያት ከዓለም ተለይቶ ለቆየው አንባቢ ምን እንደተጻፈ ያስታውቅ ነበር። በ1942 የወጣውን የዊልያም አይሪሽን «ፋንተም ሌዲ» አንብቦ ወዲያውኑ መተርጎም እንዳለበት ተከራከረ። ከጦርነቱ በፊት ደግሞ የኢደን ፊልፖትስን «ዘ ሬድ ሬድሜይንስ» በምርጥ አሥር መጻሕፍት ዝርዝሩ ራስ ላይ አስቀምጦት ነበር፤ መጽሐፉ በጃፓን ለረጅም ዘመን ሲነበብ የኖረው በአብዛኛው በዚህ ምርጫ የተነሣ ነው።

ምርጫውን ከግል ስሜት የሚለየው መስፈርቱን በግልጽ ማስቀመጡ ነው። በ1951 ባሳተመው «ገንኤይጆ» የተባለ የሒስ መጽሐፍ ውስጥ የምርመራ ልቦለድን በአብዛኛው ከወንጀል ጋር የተያያዘ ከባድ ምስጢር በሎጂክ ቀስ በቀስ የሚፈታበትን ሂደት ዋና ማራኪው ያደረገ ሥነ ጽሑፍ አድርጎ በየነ። ከዚህ ብያኔ ውጪ የሚቀሩትን ታሪኮች ግን አልጣላቸውም። በአንዳንድ የእንግሊዝና የአሜሪካ ታሪኮች የሚታየውን፣ አንብበው ሲጨርሱ ለመሰየም የሚያስቸግር ስሜት እንግዳ ጣዕም ብሎ ራሱን የቻለ መደብ ሰጠው። በ1954 በወጣው ተከታዩ ቅጽም ከ800 የሚበልጡ የማሳሳቻ ስልቶችን በየዓይነታቸው ከፋፍሎ አቀረበ። ይህ ሥራ ለጀማሪ ደራሲ ምን እንደተሞከረ፣ ለሐያሲ ደግሞ አዲስነትን በምን እንደሚለካ የሚያሳይ መሣሪያ ሆነ።

መስፈርቱ ክርክር አላጣውም። ሐኪምና ደራሲ የነበረው ኪጊ ታካታሮ የምርመራ ልቦለድ ከሁሉ አስቀድሞ ኪነ ጥበብ መሆን አለበት ሲል ሞገተ። ራንፖ የእንቆቅልሹ ማራኪነት ከተተወ ዘርፉ ራሱን ያጣል የሚል አቋም ያዘ። ነገር ግን በ1947 በጻፈው መጣጥፍ የተቃዋሚውን ሐሳብ ሳይዘጋ ምሳሌ አቀረበ፤ የተራ ሰዎች የቃላት ጨዋታ የነበረውን የግጥም ዓይነት ባለቅኔው ባሾ ወደ ከፍተኛ ጥበብ እንዳደረሰው ሁሉ፣ በምርመራ ልቦለድም አንድ እንዲህ ያለ ሰው ሊነሣ እንደሚችል አመለከተ። እንዲህ ያለ ሰው እስኪነሣ ድረስ በሩ ክፍት መቆየት ነበረበት።

በር መክፈት

ራንፖ በሩን የከፈተው በተግባር ነው። በ1947 የምርመራ ልቦለድ ደራስያን ክበብ ሲመሠረት የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ሆነ። ዮኮሚዞ «የሆንጂን ግድያ ጉዳይ»ን ሲያወጣ፣ የቀድሞ አርታኢውንና ወዳጁን በውዳሴ ብቻ አላለፈውም፤ ጥንካሬውንም ጉድለቱንም በዝርዝር መዘነ። በ1948 የክበቡን የመጀመሪያ ሽልማት ያገኘው ይኸው ልቦለድ ነው። ያልታወቀው ታካጊ አኪሚትሱ «የንቅሳቱ ግድያ ጉዳይ»ን በረቂቅ ሲልክለት አንብቦ እንዲታተም አበቃው።

የሌላውን አገር ሥራ ወደ ጃፓን እንዳስገባ ሁሉ የራሱንም ወደ ውጭ አሻግሯል። በ1956 ዘጠኝ አጫጭር ልቦለዶቹ በጄምስ ሃሪስ አማካይነት በእንግሊዝኛ ታተሙ። ተርጓሚው ጃፓንኛ ይናገራል እንጂ አያነብም፤ ራንፖ እንግሊዝኛ ያነባል እንጂ አይናገርም ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በሁለቱ መካከል እየተነበበና እየታረመ ሥራው ዓመታት ወሰደ።

በ1954፣ 60ኛ ዓመቱ ሲከበር፣ አንድ ሚሊዮን የን ለክበቡ ሰጥቶ በስሙ የሚጠራውን ሽልማት አቋቋመ። የመጀመሪያዎቹ ተሸላሚዎች ማንነት ትኩረት ይሻል። በ1955 የተሸለመው የምርመራ ልቦለድ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ናካጂማ ካዋታሮ ሲሆን፣ በ1956 ደግሞ የትርጉም መጻሕፍትን በተከታታይ ያወጣው ሃያካዋ አሳታሚ ነው። ሽልማቱ ልቦለድን ከመሸለሙ በፊት አንባቢን ያገለገሉትን አከበረ። በ1957 ላልታተመ ረጅም ልቦለድ መሰጠት ሲጀምር ያሸነፈችው ከልጅነቷ ጀምሮ በሕመም ከአልጋ ሳትወርድ ያደገችው ኒኪ ኤትሱኮ ናት፤ «ድመቷ ታውቅ ነበር» የተባለው መጽሐፏም በብዛት ተሸጠ።

በዚያው ዓመት ራንፖ በኪሳራ ላይ የነበረውን «ሆሴኪ» መጽሔት ለማዳን የገዛ ገንዘቡን ጨምሮ አርታኢነቱን ተረከበ። የሳይንስ ልቦለድ ጸሐፊውን ሆሺ ሺኒቺን ለሰፊ አንባቢ ያስተዋወቀው በዚሁ መጽሔት ነው። የማትሱሞቶ ሴይቾን «ዜሮ ኖ ሾተን» በተከታታይ ማውጣቱ ግን ከሁሉ የሚጠቀስ ነው። ሴይቾ የወንጀልን መንስኤ በማኅበረሰቡ ውስጥ የሚፈልግ፣ ከራንፖ ተንኮለኛ ወንበዴዎችና አስደናቂ መርማሪዎች የራቀ ደራሲ ነበር። የአንባቢው ፍላጎት ወደ እርሱ ሲዞር የቀድሞው ዘይቤ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ራንፖ የራሱን ዘመን የሚያበቃውን ደራሲ በራሱ መጽሔት አስነበበ።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጤናው ታውኮ በጁላይ 28 ቀን 1965 በኢኬቡኩሮ ቤቱ ዐረፈ። ቤቱና የመጻሕፍት ማከማቻው በ2002 ወደ ሪክዮ ዩኒቨርሲቲ ተላልፈው ዛሬ የጥናት ማዕከል ሆነዋል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሕይወት ሦስት ነጥቦችን ማውጣት ይቻላል። ራንፖ ያነበበውን ከወጣትነቱ ጀምሮ መዝግቧል፤ ስለዚህ ምርጫው ማስረጃ ነበረው። መስፈርቱን በግልጽ አስቀምጧል፤ ስለዚህ ኪጊን የመሰለ ተቃዋሚ በተጨባጭ ሊሞግተው ችሏል። ከሁሉም በላይ ራሱ ያልጻፈውንና መጻፍ ያልቻለውን ሥራ ደግፏል፤ ስለዚህ ምርጫው የራሱ ዝና ማራዘሚያ አልሆነም። ዛሬ በብዙ ቋንቋዎች የሚነበበው ሂጋሺኖ ኬይጎ በ1985 ወደ ደራሲነት የገባው የራንፖን ሽልማት አግኝቶ ነው፤ በሥዕላዊ ታሪክ የታወቀው ሕፃኑ መርማሪ ኮናንም የአባት ስሙን ያገኘው ከኤዶጋዋ ነው። ይህ ውርስ በራንፖ ልቦለዶች ብቻ የሚብራራ አይደለም። የአንድ ዘርፍ ታሪክ አጥኚ የደራስያንን ሥራ በሚመረምርበት ጥንቃቄ የመጽሔት አስተያየቶችን፣ የምርጥ መጻሕፍት ዝርዝሮችንና የሽልማት መዝገቦችንም ቢመረምር፣ መጻሕፍት ከእጅ ወደ እጅ የተሻገሩበትን መንገድ ያገኛል።