ፌርፊልድ፦ ንጉሠ ነገሥቱ በስደት የኖሩበት ቤት

አንድ ቤት በአናጺውና በግንበኛው እጅ ይሠራል እንጂ ታሪኩን የሚሰጡት ነዋሪዎቹ ናቸው። በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ምዕራባዊ ዳርቻ፥ ከኤቮን ወንዝ ሸለቆ በላይ የሚገኘው ፌርፊልድ የተባለው ቤት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ቤቱ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ለባለጸጋ ቤተሰብ መኖሪያ የታነጸ ሲሆን፥ ስሙ እስከ ኢትዮጵያ ሊሰማ የበቃው ግን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የስደት ዘመናቸውን ስላሳለፉበት ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በሐረርጌ፥ ኤጀርሳ ጎሮ በተባለው ስፍራ ተወለዱ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ። ስድስት ዓመት ሳይሞላ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አገሪቱን ስለወረረ፥ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተው በጅቡቲና በኢየሩሳሌም በኩል እንግሊዝ ገቡ። ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ ለመንግሥታት ማኅበር አቤቱታቸውን ካሰሙ በኋላ ወደ ባዝ ሄዱ፤ ብዙም ሳይቆዩ ፌርፊልድን ገዙ።

ቤቱ የተሠራው በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ባለሀብቶች ዘንድ ተወዳጅ በነበረው የኢጣልያ ቪላ አሠራር ነው። ይህ አሠራር ዝቅ ባለ ጣራው፥ ወደ ውጭ በወጣው የጣራ ክፈፉና ቅስት ባላቸው መስኮቶቹ ይታወቃል። በኢጣልያ ወረራ ከአገሩ የተሰደደ ንጉሥ የኢጣልያን ስም በያዘ የሕንጻ ጥበብ ሥር መጠለሉ የታሪክ ግጥምጥሞሽ ነው። ድንጋዩ የባዝ አካባቢ የኖራ ድንጋይ ሲሆን ማር መሰል ቀለም አለው፤ ከመሬት ሲወጣ ለስላሳ በመሆኑ በየትኛውም አቅጣጫ ለመጥረብ ይመቻል፥ አየር ሲያገኝም ይጠነክራል። ሆኖም እንዲህ ያለው ሰፊ ቤት በእንግሊዝ ክረምት ይሞቅ የነበረው በየክፍሉ በሚነድ ከሰል ስለነበረ፥ ወጪው ለስደተኛ ቤተሰብ ቀላል አልነበረም። አየሩ ለእቴጌ መነን ጤና ስላልተስማማቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመልሰው ተቀመጡ።

ገንዘብ እያጠረ ሲሄድ ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ያመጡትን የብር ዕቃ በለንደን ሸጡ። ከዚህም በላይ አንድ የእንግሊዝ የቴሌግራፍ ኩባንያ ለኢትዮጵያ መንግሥት መክፈል የሚገባውን ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ እንዲያስረክብ በፍርድ ቤት ጠየቁ። በ1930 ዓ.ም. ተፈረደላቸው። ነገር ግን ይግባኙ ገና ሲታይ የእንግሊዝ መንግሥት የኢጣልያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት አድርጎ ስለተቀበለ፥ በ1931 ዓ.ም. ፍርዱ ተገለበጠ። ለቤቱ ከሰል መግዣ ሊሆን ይችል የነበረው ገንዘብ የመንግሥትነት መብት ጥያቄ ሆኖ ተገኘ።

በዚህ ችግር መካከል ፌርፊልድ ሥራ የሚሠራበት ቤት ነበረ። በግቢው ጸሎት ቤት ተዘጋጀ፤ ደብዳቤ ወደ ልዩ ልዩ መንግሥታት ይጻፍ ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱ የሕይወት ታሪክ የመጀመሪያው ክፍልም በ1929 ዓ.ም. በባዝ ተጻፈ። ልጃቸው ልዕልት ፀሐይ በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሙያ ተማሩ። ሌላይቱ ልጃቸው ልዕልት ሮማነወርቅ ግን በጠላት እጅ ወድቀው በ1933 ዓ.ም. በቱሪን አረፉ።

ሰኔ 1932 ዓ.ም. ኢጣልያ ወደ ዓለም ጦርነት ስትገባ ንጉሠ ነገሥቱ በአውሮፕላን ወደ ግብፅ፥ ከዚያም ወደ ሱዳን ተጓዙ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ፥ በድሬዳዋ፥ በምጽዋ፥ እንዲሁም ከቱላ በስተሰሜን በሐዋሳ ቤተ መንግሥት ነበራቸው። ፌርፊልድን ግን አልረሱም። በ1947 ዓ.ም. ባዝን ሲጎበኙ ከተማዪቱ የክብር ዜግነት ሰጠቻቸው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 ቤቱን ለአረጋውያን መጦሪያ እንዲሆን ለከተማዪቱ ሰጡ። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ አበረከቱ።

በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ከዙፋናቸው የወረዱት ንጉሠ ነገሥት ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. በእስር ላይ እንዳሉ በታላቁ ቤተ መንግሥት ሞቱ። ዐፅማቸው በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ያረፈው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። ለኃያልነታቸው መግለጫ የተሠሩት አዳራሾች ከአንዱ መንግሥት ወደ ሌላው ሲተላለፉ፥ በችግራቸው ዘመን የገዙት ቤት በራሳቸው ፈቃድ ለተጦሩ ሽማግሎች መጠለያ ሆነ።