ዳያናንዳ ሳራስዋቲ፤ የሰዋስው ደቀ መዝሙር

በሰሜን ህንድ በያሙና ወንዝ ዳር በምትገኘው በማቱራ ከተማ፣ በኖቬምበር 1860 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አንድ ቁመተ መለሎ መናኝ የአንድ ሽማግሌ መምህር ቤት በር አንኳኳ። ዕድሜው ሠላሳ ስድስት ደርሷል። ከወላጆቹ ቤት ከኮበለለ አሥራ አራት ዓመት ያህል ሆኖታል፤ ከሂማላያ ተራሮች እስከ ናርማዳ ወንዝ በእግሩ ዞሯል፤ ቬዳ ከሚባሉት የሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱን ገና በልጅነቱ በቃሉ አጥንቷል። መምህሩ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ዓይነ ሥውር ነበሩ። እንደሚነገረው፣ እስከዚያ ቀን የተማረውን ሰዋስው እንዲረሳና በእጁ የነበሩትን መጻሕፍት ያሙና ውስጥ ጥሎ እንዲመለስ አዘዙት። እርሱም ጥሎ ተመለሰ።

ይህ መናኝ ዳያናንዳ ሳራስዋቲ ነው። ከዚያ በኋላ በኖረባቸው ሃያ ሦስት ያህል ዓመታት ለጣዖት አልሰግድም ያለ፣ የአገሩን ካህናት በአደባባይ የሞገተ፣ ሰው መምህሩን እንደ አምላክ ማምለኩንም አጥብቆ የነቀፈ ሰው ሆኗል። እንዲህ ያለው ሰው በአንድ ሽማግሌ ቃል መጻሕፍቱን ወንዝ መክተቱ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ የሕይወቱ ታሪክም ከሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ ይከብዳል።

የተወለደው በ1824 በጉጃራት፣ ታንካራ በተባለች ትንሽ ከተማ ሲሆን፣ የልጅነት ስሙ ሙል ሻንካር ይባል ነበር። አባቱ ሀብት ያለው፣ ሺቫ ለሚባለው አምላክ ያደረ ብራህማን ነበር። ልጁ በአምስት ዓመቱ ፊደል ቆጠረ፤ በስምንት ዓመቱ የብራህማን ልጆች የሚታጠቁትን ቅዱስ ክር ታጠቀ፤ በአሥራ አራት ዓመቱ ያጁርቬዳን በቃሉ ጨረሰ። በዚያው ዕድሜው ግድም በሺቫ ዓመታዊ ሌሊት ከአባቱ ጋር በቤተ መቅደስ ሲጾምና ሲተጋ፣ ሌሎቹ ሁሉ እንቅልፍ ሲጥላቸው እርሱ ብቻ ነቅቶ ቀረ። አይጦች ከየጉድጓዳቸው ወጥተው በምስሉ ላይ እየተሯሯጡ መሥዋዕቱን ሲበሉ አየ። አይጥ ማባረር ያልቻለ ምስል ዓለምን የሚገዛ አምላክ ሊሆን እንዴት ይችላል ብሎ አባቱን ቀስቅሶ ጠየቀ። የሚያጠግብ መልስ ስላላገኘ ወደ ቤቱ ሄዶ ጾሙን ገደፈ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ እህቱ በኮሌራ ሞተች፤ የሚወደው አጎቱም ተከተላት። ወላጆቹ ልቡን ለማረጋጋት ሊድሩት ሲዘጋጁ በ1846 ሌሊት ጠፋ። አባቱ በአንድ የበዓል ገበያ ላይ አግኝቶ ቢይዘውም፣ ጠባቂዎቹ ሲያንቀላፉ እንደገና አመለጠ፤ ከዚያ ወዲያ ቤተሰቡን አላየም። ናርማዳ ዳር ምንኩስናን ተቀብሎ ዳያናንዳ የሚለውን ስም አገኘ።

የዚህን ሰው ጠባይ ከሁሉ አብልጦ የሚገልጽ አንድ ድርጊት አለ፤ እርሱ ራሱ በጻፈው አጭር የሕይወት ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ስለ ሰውነት ውስጣዊ ቧንቧዎችና ስለ ስውር የኃይል ማዕከላት የሚያትቱ የዮጋ መጻሕፍት ይዞ በጋንጀስ ወንዝ አጠገብ ሲጓዝ አንድ ሬሳ ውሃው ላይ ተንሳፎ አየ። ዋኝቶ ወደ ዳር ሳበውና በቢላዋ ሠንጥቆ ልቡንና ሌላውንም ብልት ከመጻሕፍቱ ገለጻ ጋር አስተያየ። አንዱም አልተመሳሰለለትም። መጻሕፍቱን ቀዳዶ ከሬሳው ጋር ወንዝ ውስጥ ወረወራቸው። አንድ ብራህማን ሬሳ መንካቱ ምን ያህል ርኩሰት እንደነበረ ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ደፋር ሙከራ ነው። እንግዲህ ይኸው ሰው በመጀመሪያ በራሱ ምርመራ፣ በሁለተኛው ግን በሌላ ሰው ትእዛዝ መጻሕፍትን ለወንዝ ሰጠ ማለት ነው።

የማቱራው መምህር ቪርጃናንዳ ይባላሉ። ፑንጃብ ውስጥ በካርታርፑር አጠገብ ተወልደው በአምስት ዓመታቸው ገደማ በፈንጣጣ ዓይናቸውን አጡ። ወላጆቻቸውም ቶሎ ስለሞቱባቸው በመሪ እጦት እየተንገላቱ ሪሺኬሽና ካሺ ድረስ ተጉዘው በጆሯቸው ብቻ ሊቅ ሆኑ። የአልዋርን ንጉሥ ቪናይ ሲንግን ሳንስክሪት ለማስተማር የተስማሙት ንጉሡ አንድም ቀን ላይቀር ነበር ይባላል፤ አንድ ቀን ቢቀርባቸው ቤተ መንግሥቱን ትተው ሄዱ። በስተርጅና ያነሡት ጉዳይ አንድ ነው፤ ይኸውም ሰዋስው ከፓኒኒ ይማሩ፣ ከእርሱ በኋላ ከመጡት የማቅለያ መጻሕፍት አይማሩ የሚል ነበር።

የሽማግሌው ክርክር ግትርነት ብቻ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው ወይም በአራተኛው መቶ ዓመት ገደማ የኖረው ፓኒኒ የሳንስክሪትን ሰዋስው ወደ 4,000 በሚጠጉ እጅግ አጫጭር ደንቦች አሰናድቶ በስምንት ክፍሎች ደልድሎታል። ደንቦቹ ሊያጥሩ የቻሉት በቅደም ተከተላቸው ነው፤ በአንዱ ደንብ የተነገረ ቃል በቀጣዮቹ ሳይደገም እንደተነገረ ይቆጠራል፤ ሁለት ደንቦች ሲጋጩም የኋላው የፊተኛውን የሚሽርበት ሥርዓት አለ። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት የተጻፈው ሲዳንታ ካውሙዲ ደንቦቹን በየርእሰ ጉዳዩ ገነጣጥሎ አቀረባቸው። ለጀማሪ ቀለለ፤ ነገር ግን አሠራሩ ተበተነ። ማሽንን ፈታትቶ ክፍሎቹን በመልክ በመልካቸው መደርደር ለመቁጠር ይመቻል፤ ማሽኑ ግን አይሠራም። ሽማግሌው ወንዝ ያስገቡት እንዲህ ያሉትን መጻሕፍት ነበር።

ትምህርቱ የሚጀምረው ከፊደል ድምፅ ነው። ከሳንስክሪት ተነባቢዎች ሃያ አምስቱ አምስት በአምስት በሆነ ሠንጠረዥ ይቀመጣሉ። ረድፎቹ ድምፁ የሚፈጠርበትን ስፍራ ይከተላሉ፤ ከጉሮሮ ተነሥተው በላንቃ በኩል አድርገው፣ ምላስ ወደ ላይ ተቆልምማ የአፍን ጣራ ወደምትነካበት፣ ቀጥሎ ወደ ጥርስ፣ በመጨረሻም ወደ ከንፈር ይደርሳሉ። ዓምዶቹ ደግሞ ጉሮሮ መንዘሩን አለመንዘሩን፣ ትንፋሽ ተከትሎ መውጣቱን፣ አየሩም በአፍንጫ ማለፉን ይለያሉ። ትንፋሽ የተጨመረበት ክ ከእኛ ኸ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ ምላስ መጀመሪያ መዝጋት፣ ከዚያ ትንፋሹን መልቀቅ አለባት። አናባቢውም አጭር፣ ረጅምና እጅግ የተጎተተ ሆኖ በልክ ይቆጠራል። በቬዳ ጸሎት ደግሞ በዚህ ሁሉ ላይ ከፍ የሚል፣ ዝቅ የሚልና ከከፍታ የሚወርድ ድምፅ ይታከልበታል። አማርኛው አለ ሲላላና ሲጠብቅ ትርጉሙ እንደሚለወጥ፣ በግዕዝ ንባብም ተነሽና ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ መለየት ግድ እንደሆነ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም።

ስሕተት የሚያስከትለውን መዘዝ የሚያስረዳ አንድ ጥንታዊ ተረት በፓታንጃሊ ታላቅ የሰዋስው ሐተታ፣ በማሃባሽያ መግቢያ ላይ ተጠቅሷል። ልጁ የተገደለበት አንድ አምላክ ኢንድራን የሚገድልለት ሌላ ልጅ እንዲወለድ መሥዋዕት ሲያቀርብ፣ በጸሎቱ ውስጥ በነበረው ጥምር ቃል ላይ ድምፁ የሚነሣበት ስፍራ ተሳተ። የኢንድራ ገዳይ መባል የነበረበት ኢንድራ የሚገድለው ሆነ፤ የተወለደውም ልጅ በኢንድራ እጅ ሞተ። ቪርጃናንዳ ይህን መጽሐፍ ያስተማሩት በጆሮ ነው። ዓይናቸው ስለማያይ ተማሪው በብራና ተከልሎ ሊያልፍ አይችልም፤ የተሳሳተች አንዲት ድምፅ ወዲያው ትሰማለች።

ዳያናንዳ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል እንዲህ ተማረ። ምግቡን የከተማው ሰዎች ይሰጡት ነበር፤ ሌሊት የሚያጠናበትንም የመብራት ዘይት አንድ በጎ አድራጊ ይችልለት ነበር። ገና ጎሕ ሳይቀድ ከያሙና ውሃ እየተሸከመ ያመጣል፤ መምህሩ በብዙ እንስራ መታጠብ ይወዱ ነበርና። ቤቱን ይጠርጋል። መምህሩ ያስረዱትን አንዴ ቢረሳ ሁለተኛ አይደግሙለትም፤ ወንዝ ዳር ተቀምጦ እስኪያስታውስ ያሰላስላል። ቁጣቸው የታወቀ ነበር፤ አንድ ቀን በበትር መትተውት በክንዱ ላይ የቀረውን ጠባሳ በኋላ ዘመን እያየ መምህሩን ያስታውስበት ነበር ይባላል። ከተመታም በኋላ የእርሱ አካል ጠንካራ ስለሆነ የሽማግሌው እጅ እንዳይታመም መስጋቱን የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ይህን ዓይነት ቅጣት የዛሬ መምህር ሊያወድሰው አይገባም። ቢሆንም ሠላሳ ስድስት ዓመት የሆነው፣ ሬሳ ሠንጥቆ መጽሐፍን የሞከረ ሰው በፈቃዱ የታገሠው ለምን እንደሆነ ከትምህርቱ ባሕርይ ይታወቃል። የሰውን ድምፅ ከመጽሐፍ መቅዳት አይቻልም። የሚያርም ጆሮ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለውንም ጆሮ ለማግኘት በመላ አገሪቱ ዞሯል።

በ1863 ትምህርቱ ሲያበቃ፣ በሂንዱ ልማድ ተማሪ ለጉሩው የስንብት ስጦታ ያቀርባልና፣ ድኃው መናኝ ጥቂት ቅርንፉድ ይዞ መጣ። ሽማግሌው ቅርንፉዱን አልፈለጉም። በምትኩ ዕድሜውን በሙሉ የጥንቶቹን ሊቃውንት መጻሕፍት ለማስተማር እንዲያውለው ጠየቁት፤ እርሱም ቃል ገባ። በ1867 በሃሪድዋር በተደረገው ታላቁ የኩምብ በዓል ላይ በአገሩ የተንሰራፋውን የሃይማኖት ማታለል በአደባባይ መቃወም ጀመረ። በዚያም የነበረውን ንብረት ሁሉ ሲያከፋፍል የማሃባሽያን መጽሐፍ ወደ ማቱራ ለመምህሩ ላከ። ቪርጃናንዳ በቀጣዩ ዓመት ዐረፉ።

በኖቬምበር 1869 በካሺ፣ የባናራስ መሐራጃ በተገኘበት፣ ብቻውን ከከተማይቱ ሊቃውንት ጋር ጣዖትን ማምለክ በቬዳ ይገኝ እንደሆነ በሳንስክሪት ተከራከረ። ጉባኤው በሁከት ተበተነ፤ ሁለቱም ወገን አሸነፍን አሉ። ይሁን እንጂ ክርክሩን የተረዳው ሕዝብ ጥቂት ነበር። ከ1872 እስከ 1873 በካልካታ ሲቆይ የብራህሞ ሳማጅ መሪ ኬሻብ ቻንድራ ሴን ተራው ሰው በሚሰማው ቋንቋ እንዲናገር መከረው። በሰዋስው የታነጸው ሊቅ በሃምሳ ዓመቱ ግድም እንደገና ተማሪ ሆኖ በሂንዲ መስበክ ጀመረ፤ መጀመሪያ ላይ ስሕተቱ ብዙ እንደነበረ ይነገራል። ዋና መጽሐፉን ሳትያርት ፕራካሽን በ1875 ያሳተመው በሂንዲ ነው። በዚያው ዓመት በቦምቤይ አርያ ሳማጅ የተባለውን ማኅበር መሠረተ።

ትምህርቱ አንድ ትልቅ አጥር አፈረሰ። ሴቶችና ዝቅተኛ የሚባሉት ወገኖች ቬዳን መስማት እንኳ ክልክል በነበረበት አገር፣ ማንም ሰው ቬዳን ሊማርና ሊያነብ መብት አለው አለ። ይህ ከንቱ ተስፋ እንዳይሆን የፊደላትን ድምፅ አወጣጥ የሚያስተምር አነስተኛ መጽሐፍ በሂንዲ ማብራሪያ አዘጋጀ፤ ያ ለሽማግሌው ጆሮ ብቻ ይታወቅ የነበረው የአፍና የጉሮሮ ሥርዓት በርካሽ ለሚታተም ወረቀት በቃ። ሆኖም ሚዛኑ የጎደለበት ቦታ አለ። በቬዳ ሐተታው መግቢያ ውስጥ ስለ ቴሌግራፍና ስለ አየር መርከብ ዕውቀት በቬዳ ይገኛል ብሎ ጽፏል። በጋንጀስ ዳር ቢላዋ ያነሣው እጅ እዚህ ላይ ዝም አለ፤ ከመምህሩ ለተቀበለው መጽሐፍ ያን ሙከራ አላደረገለትም።

በ1883 በጆድፑር ሳለ በድንገት በጽኑ ታመመ። ተመርዟል የሚለው ወሬ ወዲያው ተስፋፋ፤ እስከ ዛሬም ብዙ ተከታዮቹ ያምኑበታል። ወደ አጅሜር ተወስዶ ኦክቶበር 30 ቀን፣ በዲዋሊ የመብራት በዓል ምሽት ዐረፈ። የያጁርቬዳ ሐተታው ተፈጽሞ ነበር። የሪግቬዳው ግን ከአሥሩ ክፍሎች ሰባተኛው ላይ ቆሟል።