ሐሪ ፓርች

ተማሪዎች ሆይ፣ በአሶሳ አካባቢ የበርታ ሕዝብ ከቅል የሚሠራውን ዋዛ ታውቁ ይሆናል። በባሕር ማዶም ከቅልና ከቀርከሃ የሙዚቃ መሣሪያ የሠራ ሰው ነበር።

ሐሪ ፓርች እ.ኤ.አ. በ1901 በአሜሪካ፣ በኦክላንድ ከተማ ተወለደ። በኦክታቭ ውስጥ የተለመዱት 12 ድምፆች የሰውን የንግግር ዜማ ለመግለጽ እንደማይበቁ ስላመነ፣ በ1930 እስከዚያ የደረሳቸውን ሙዚቃዎች ምድጃ ውስጥ ጨምሮ አቃጠለ። ኦክታቩንም በ43 ድምፆች ከፈለ። እነዚህን የሚያሰማ መሣሪያ ስላልነበረ፣ በችግር እየተንከራተተም ቢሆን ራሱ ሠራ። በ1969 በሎስ አንጀለስ የቀረበው ታላቅ የመድረክ ሥራው ሁለተኛ ክፍል በኢትዮጵያ ተረት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ፍየል የጠፋባት ሴትና መስማት የተሳነው ሰው ሳይግባቡ ተጣልተው፣ እርሱም ከማይሰማ ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። ፓርች በ1974 ሞተ።

መሣሪያዎቹ ባይጠበቁ ኖሮ ሙዚቃው አብሮ በጠፋ ነበር። የዋዛም ነገር እንዲሁ ነው፤ ሠሪው ካልተተካ ዜማው ይቀራል። ስለዚህ አዋቂዎቹን ጠይቃችሁ ተማሩ።