እየገለበጠ የተማረው ሠዓሊ

መገልበጥ ነውር መሆኑ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሲነገረን ያደግን ነን። የጎረቤቱን ወረቀት የገለበጠ ተማሪ ኮራጅ ይባላል። በሥዕል ሙያ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለዚህም የኔዘርላንዱ ተወላጅ ቪንሰንት ቫን ጎግ ሕይወት ጥሩ ምስክር ነው።

ቪንሰንት እ.ኤ.አ. በ1853 ዙንደርት በምትባል መንደር ከአንድ የፕሮቴስታንት ሰባኪ ቤት ተወለደ። በ16 ዓመቱ ለሥዕል ነጋዴዎች ተቀጥሮ በሄግ፣ በለንደንና በፓሪስ ሠራ፤ በ1876 ግን ተሰናበተ። ቤልጅግ ሄዶ ለድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ወንጌል ሰበከ፤ እሱም አልሰመረለትም። ሠዓሊ ለመሆን ሲቆርጥ ዓመቱ 1880፣ ዕድሜው 27 ነበር።

መጀመሪያ ያደረገው ነገር የፈረንሳዊውን የዣን ፍራንስዋ ሚዬን ሥዕሎች ኅትመት እየፈለገ መገልበጥ ነው። ሚዬ የገበሬ ልጅ ነበር፤ የሚዘራውን፣ የሚያጭደውን፣ ቃርሚያ የሚለቅመውን ሰው ሳያስውብ እንዳለ ይሥል ነበር። ቪንሰንት ዘሪውን ደጋግሞ በመገልበጥ የሰው ጎንበስ ማለት፣ የእጅ መዘርጋትና የእግር እርምጃ እንዴት እንደሚሣል ተማረ።

በ1885 መጨረሻ ከሀገሩ ወጣ፤ ዳግመኛም አልተመለሰም። በ1886 ፓሪስ፣ በ1888 አርል ገባ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ታምሞ የገዛ ጆሮውን ቆረጠ። በግንቦት 1889 በፈቃዱ ሳን ሬሚ ወደሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ማረፊያ ገባ።

እዚያ ፊቱ ተቀምጦ የሚሣልለት ሰው እንደ ልብ አያገኝም፤ ሕመሙም ከቤት እንዳይወጣ የሚያደርግበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ወደ ቀድሞ አስተማሪው ተመለሰ። ወንድሙ ቲዮ ከሚልክለት የኅትመት ቅጂዎች እያየ 20 ያህል የሚዬን ሥራዎች በዘይት ቀለም ሠራ። ቅጂዎቹ ግን ጥቁርና ነጭ ነበሩ። ቅርጹን ከሚዬ ወሰደ፤ ሰማያዊውን፣ ቢጫውንና አረንጓዴውን ከራሱ አመጣ። ሙዚቀኛ የሌላውን ድርሰት በራሱ ስሜት እንደሚጫወት ማለት ነው።

በጥር 1890 የቲዮ ሚስት ዮሃና ልትወልድ ተቃርባ ሳለ፣ ቪንሰንት የሚዬን «የመጀመሪያ እርምጃዎች» መረጠ። ፎቶግራፉን በአራት ማዕዘን መስመሮች ከፋፍሎ ወደ ሸራው አዛወረው። አባት መቆፈሪያውን ጥሎ ተንበርክኮ እጁን ዘርግቷል፤ እናት ሕፃኗን ደግፋለች። ሚስትም ልጅም ያልነበረው ሰው፣ በባዕድ ሀገር በሕሙማን ማረፊያ ሆኖ ይህን ሣለ። በወሩ መጨረሻ የተወለደው ልጅ ቪንሰንት ተባለ።

ሠዓሊው ሐምሌ 29 ቀን 1890 በ37 ዓመቱ አረፈ። ስድስት ወር ሳይሞላ ቲዮም ተከተለው። ሥዕሎቹን ጠብቃ ለዓለም ያሳወቀችው ዮሃና ናት።

ኒውዮርክ የምትኖሩ «የመጀመሪያ እርምጃዎች»ን በሜትሮፖሊታን ሙዚየም፣ ፓሪስ ያላችሁ ደግሞ ከሚዬ የገለበጠውን የገበሬዎች የቀትር ዕረፍት በኦርሴ ሙዚየም ታገኛላችሁ። ሂዱና እዩ። ጊዜው አልፎብኛል ብላችሁ ብሩሽ ለመያዝ የፈራችሁም ብትኖሩ፣ አንድ የምትወዱትን ሥዕል መርጣችሁ በመገልበጥ ጀምሩ። ቅርጹን ከትልቁ ሰው ስትማሩ፣ ቀለሙ ቀስ በቀስ የራሳችሁ ይሆናል።