ሚሞሪን የሸጠው ሰው

ቡራዩ ከታ አንዱ ሞባይል ቤት ገብታችሁ ሚሞሪ ብትሉ፣ ልጁ ጥፍር የምታክል ካርድ ያወጣና ዘፈን ጭኖ ይሰጣችኋል። ሰበታና ሱሉልታም ያው ነው። እኔ ባለፈው 64 ጊጋ ስገዛ ትዝ ያለኝ ግን አን ዋንግ ነው።

ዋንግ በ1920 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሻንጋይ ተወለደ። በ1945 አሜሪካ ገባ፣ በ1948 ከሃርቫርድ በፊዚክስ ዶክትሬቱን ያዘ። እዚያው ኮምፒውተር ላብራቶሪ ሲቀጠር አለቃው ሃዋርድ አይከን አንድ ከባድ ሥራ ሰጠው፦ ምንም የሚሽከረከር ዕቃ ሳይኖር መረጃን በማግኔት ማስቀመጥና መልሶ ማንበብ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትንሽዬ የማግኔት ቀለበት በአንድ አቅጣጫ ስትሆን 1፣ በሌላው ስትሆን 0 ትይዛለች። የቱን እንደያዘች ለማወቅ ግን መገልበጥ አለባት፤ ስትገለበጥ ደግሞ የያዘችው ይጠፋል። ባነበባችሁት ቁጥር የሚጠፋ ደብተር በሉት። ዋንግ እዚህ ላይ ተጣብቆ ቀረ። አንድ ቀን በዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሄድ መላው መጣለት፦ ይጥፋ! አንብቦ ወዲያው መልሶ መጻፍ ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? ከተነገረ በኋላ ሁሉም ቀላል ነው።

በ1949 ለፓተንት አመለከተ። በ1951 በ600 ዶላር ቁጠባው የራሱን ድርጅት ከፈተ። ፓተንቱን በ1956 ለአይ.ቢ.ኤም ለመሸጥ የተስማማበት ዋጋ 500 ሺህ ዶላር ነበር። ቀለበቶቹን በሽቦ መረብ የማደራጀቱን ዘዴ የሠራው የኤም.አይ.ቲው ጄይ ፎሬስተር ነው፤ ለዚያ ፓተንት አይ.ቢ.ኤም በ1964 የከፈለው 13 ሚሊዮን! ዋንግ ተበላ እንዴ? እኔ በግማሽ ነው የምስማማው። ገበያው ገና ዋጋውን ሳያውቅ ነው የሸጠው፤ ለትንሽ ድርጅት ግን ያ ብር እስትንፋስ ነበር።

ቀለበቶቹ እንደ ጨሌ በእጅ ነበር የሚሰኩት። አንድ ቀለበት የምትይዘው አንድ ቢት ብቻ ነው። 4 ሜጋ የሆነች አንዲት ዘፈን ከ32 ሚሊዮን በላይ ቀለበት ትፈልጋለች። በ1970 ኢንቴል በአንዲት ቺፕ ከሺህ በላይ ቢት ይዞ መጣ፣ የቀለበቱ ዘመንም ማብቃት ጀመረ። የዋንግ ዘዴ ግን አልሞተም፤ ሚሞሪ ካርዱ በሌላ መንገድ ቢሠራም፣ የስልካችሁ ራም ዛሬም ሲያነብ ያጠፋና መልሶ ይጽፋል።

ዋንግ ወደ ካልኩሌተር፣ ከዚያም በ1970ዎቹ ጽሑፍ ብቻ ወደሚሠሩ ኮምፒውተሮች ዞረ። ተሳካለት፤ በ1980ዎቹ ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኛ ነበረው። ሰው ግን ሁሉንም የሚሠራ ፒሲ መግዛት ሲጀምር ድርጅቱ ዘገየ። በ1986 ልጁን ፍሬድን ፕሬዚዳንት አደረገ። ኪሳራው በረታ፣ በ1989 ልጁን ከወንበሩ ያነሳው ራሱ አባቱ ሆነ። ያኔ ካንሰር ይዞት ነበር። በማርች 1990፣ በ70 ዓመቱ ሞተ፤ ድርጅቱ በ1992 የኪሳራ ማመልከቻ ፍርድ ቤት አስገባ።