የዐፄ ቴዎድሮስ ሐዘን

ተወልጄ ያደግሁት በመርካቶ፣ ከአማኑኤል ሆስፒታል ብዙ በማይርቅ ሠፈር ነው። በልጅነታችን በዚያ ደጃፍ ስናልፍ እብድ እየተባባልን እንሣሣቅ ነበር። የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ ካነበብሁ ወዲህ ግን ያ ሣቅ ያሳፍረኛል።

ካሣ ኃይሉ በቋራ ተወልደው፣ አባታቸው በልጅነታቸው ስለ ሞቱባቸው በእናታቸው እጅ በችግር አደጉ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ነገሡ። ይህን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔ የማወሳው ሐዘናቸውን ነው።

በ1850 ዓ.ም. እጅግ የሚወዷቸው ባለቤታቸው እቴጌ ተዋበች ዐረፉ። ከሁለት ዓመት በኋላም ታማኝ ወዳጃቸው እንግሊዛዊው ጆን ቤል በጦር ሜዳ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ፣ በቅርብ ያዩዋቸው ሰዎች እንደ ጻፉት፣ ቁጣቸው በረታ፤ ዛሬ ክፉኛ ይቀጣሉ፣ ነገ ይጸጸታሉ። በሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ በመቶ የሚቆጠሩ እስረኞችን አስገደሉ። ከአራት ቀን በኋላ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲሰብር በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ።

ሕመም ነበረባቸው ብዬ እንዳልፈርድ ሐኪም አይደለሁም፤ የመኳንንቱ ማመፅና ሽንፈቱም ብቻቸውን ከባድ ነበሩ። ነገር ግን ጀግንነታቸውን የምናወሳ ሰዎች ሐዘናቸውን እንዘለዋለን።

ዛሬ ሐኪሞች እንደሚያስረዱን፣ ሐዘን ሳምንታት አልፎ እንቅልፍና ምግብ ሲከለክል፣ የሚወዱትንም ሥራ ሲያስጠላ፣ የሚታከም ሕመም ሊሆን ይችላል። ሕክምናውም ከባለሙያ ጋር መነጋገርና፣ ሲያስፈልግ፣ መድኃኒት ነው። ጠበል የሚጠመቅም ሰው መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም።

በንጉሡ ዘመን በአገራችን እንዲህ ያለ ሐኪም ቤት አልነበረም፤ አማኑኤል የተቋቋመው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ከእኛ ቤት በእግር ይደረስበታል።