ከፍታን ይፈራ የነበረው ጎተ

በስትራስቡርግ ከተማ እምብርት 142 ሜትር ከፍታ ያለው ጥንታዊ ካቴድራል ቆሟል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1770 ዓ.ም. በዓለም ላይ ከእርሱ የሚረዝም ሕንፃ አልነበረም። በዚያ ዓመት የፀደይ ወራት ወደ ከተማዋ የገባ አንድ የሃያ ዓመት የሕግ ተማሪ፣ ብቻውን የማማውን ደረጃ እየወጣ፣ ከጫፉ ሥር ባለች ጠባብ ስፍራ ሩብ ሰዓት ያህል ተቀምጦ ይቆይ ነበር። ከዚያም ወደ ውጭ ብቅ ብሎ፣ ስፋቷ ከአንድ ክንድ በማይበልጥና የረባ መያዣ በሌላት መቆሚያ ላይ ይቆማል። ይህን የሚያደርገው አገሩን ከላይ ሆኖ ለማየት ጓጉቶ አልነበረም። ከከፍታ ወደ ታች በተመለከተ ቁጥር ራሱን እያዞረ የሚያስጨንቀውን ፍርሃት ከላዩ ለማውረድ ቆርጦ ነበር።

ወጣቱ ዮሐን ቮልፍጋንግ ጎተ ይባላል። በኋላ የጀርመን ሥነ ጽሑፍ አባት ሊባል በቅቷል፤ በአዲስ አበባ የሚገኘው የጎተ ኢንስቲትዩትም የሚጠራው በእርሱ ስም ነው። ስለ ድርሰቶቹ ብዙ ተብሏል። ከፍርሃቱ ጋር ያደረገው ትግል ግን እምብዛም አይወሳም፤ ምንም እንኳ ዛሬ ሐኪሞች ፎቢያ የሚሉትን ሕመም የሚያክሙበት መንገድ እርሱ ያለ ሐኪም ከሞከረው ጋር እጅግ የሚቀራረብ ቢሆንም።

ጎተ የተወለደው በፍራንክፈርት ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነሐሴ 28 ቀን 1749 ዓ.ም. ነው። አባቱ ዮሐን ካስፓር ሕግ የተማሩ ባለጸጋ፣ እናቱ ካታሪና ኤልሳቤጥ ደግሞ የከተማዋ ከፍተኛ ሹም ልጅ ነበሩ። ቤታቸው አሮጌ፣ ጨለማ ማዕዘንና ጠመዝማዛ ደረጃ የበዛበት ነበር። አባት ልጆች ከጨለማ ጋር ገና በሕፃንነታቸው መላመድ አለባቸው ብለው ያምኑ ስለነበር፣ ቮልፍጋንግንና እህቱን ኮርኔሊያን ለብቻቸው ያስተኟቸዋል። ሕፃናቱ ፈርተው ወደ አገልጋዮቹ ሊሸሹ ሲነሡ፣ አባት ካባቸውን ገልብጠው ለብሰው መንገድ ላይ ይጠብቋቸውና አስደንግጠው ወደ አልጋቸው ይመልሷቸው ነበር። ፍርሃቱ በዚህ ተባባሰ እንጂ አልተወገደም፤ ልጆቹ በሁለት አስፈሪ ነገሮች መካከል ተያዙ።

እናት ሌላ ዘዴ ዘየዱ። ጊዜው የኮክ ፍሬ የሚበስልበት ነበርና ሌሊቱን ፍርሃታቸውን ችለው ላደሩ ልጆች ጠዋት ኮክ በብዛት እንደሚሰጧቸው ቃል ገቡ። ዘዴው ሠራ፤ እናትም ልጆችም ደስ አላቸው። ጎተ በስተርጅና የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ ይህን የቤት ውስጥ ነገር ሳይዘነጋ አስፍሮታል። በእኛም አገር አያ ጅቦን እየጠሩ ልጅን ዝም ማሰኘት የተለመደ ነውና፣ የአባትየው መንገድ ለብዙዎች እንግዳ አይሆንም።

በአሥራ ስድስት ዓመቱ ሕግ ለመማር ወደ ላይፕሲግ ሄደ። በ1768 ዓ.ም. ደም እስኪፈሰው ድረስ ታሞ፣ ለሞት ተቃርቦ ወደ ወላጆቹ ቤት ተመለሰ። ከረጅም ሕመም በኋላ ትምህርቱን ለመጨረስ በ1770 ዓ.ም. ስትራስቡርግ ሲደርስ ጤናው ተመልሶለት ነበር፤ ነገር ግን አንዳንድ ነገሮች ከልክ በላይ ያውኩት እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ኃይለኛ ድምፅ ይረብሸዋል፣ የታመመ ሰው አካል ማየት ይዘገንነዋል፣ ጨለማና ብቸኝነት ያስፈሩታል፤ ከሁሉም በላይ ከፍታ ያዞረዋል። በዘመኑ ለዚህ ስም የሰጠ ሐኪም አልነበረም፤ ስለዚህ ዛሬ ላይ ሆኖ እርግጠኛ ምርመራ መስጠት አይቻልም።

እርሱ ግን እያንዳንዱን ፍርሃት በየተራ ሄዶ ገጠመው። ማታ ማታ የጦር ሠራዊቱ ከበሮ መቺዎች በከተማዋ ሲያልፉ፣ ድምፁ ልብን የሚያናውጥ ቢሆንም፣ ከጎናቸው ይሄድ ነበር። የማዕድ ጓደኞቹ አብዛኞቹ የሕክምና ተማሪዎች ስለነበሩ ከእነርሱ ጋር የአካል ጥናት ትምህርትና የበሽተኞች ጉብኝት ተካፈለ፤ በዚህም ዕውቀት ጨመረ፣ መዘግነኑም ለቀቀው። ሌሊት ወደ መቃብር ስፍራዎች፣ ወደ ጭር ያሉ ቤተ ክርስቲያኖች ይሄድ ነበር። ከጊዜ በኋላ ያ የልጅነት የጨለማ ድንጋጤ ቢፈልገው እንኳ አልመጣልህ ያለው ሆነ። ማማውንም አንድ ጊዜ ወጥቶ አልተወውም፤ ጭንቀቱ ምንም እስኪመስለው ድረስ እየደጋገመ ወጣው።

ፎቢያ የሚባለው ከተራ ፍርሃት የሚለየው በልኩ ነው። አንድ የተለየ ነገር፣ ለምሳሌ ከፍታ፣ ዝግ ቤት፣ ነጎድጓድ፣ ውሻ፣ ሸረሪት፣ ደም ወይም መርፌ፣ ከሚያደርሰው እውነተኛ አደጋ በላይ ሲያስፈራ፣ ሰውየው ያን ነገር ለመሸሽ ሲል ሥራውንና ኑሮውን ሲያጎድል፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ሲቆይ ሐኪሞች ሕመም ይሉታል። ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል። የሚገርመው ሰውየው ፍርሃቱ ከልክ ያለፈ መሆኑን ብዙውን ጊዜ ራሱ ያውቃል፤ ማወቁ ግን አያድነውም። ስለዚህ አትፍራ ብሎ መምከርም ሆነ መሳቅ ፋይዳ የለውም።

ፍርሃቱን የሚያኖረው መሸሽ ነው። የፈራ ሰው ሲሸሽ ወዲያው እፎይ ይላል፤ አእምሮውም ያዳነኝ መሸሼ ነው ብሎ ይማራል። በሚቀጥለው ጊዜ ፍርሃቱ በርትቶ ይመጣል። ጎተ ከማማው ጫፍ ሥር ሩብ ሰዓት ያህል ተቀምጦ መቆየቱ ትልቅ ትርጉም ያለው ለዚህ ነው። ልቡ በሚደልቅበት ሰዓት ወርዶ ቢሆን ኖሮ ፍርሃቱን ይዞት ይወርድ ነበር። በመቆየቱ ግን የፈራው ነገር እንደማይደርስ ሰውነቱ ራሱ አየ።

ሳይንስ ይህን በሥርዓት ለመፈተን ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ፈጀበት። በ1924 ዓ.ም. አሜሪካዊቷ ሜሪ ከቨር ጆንስ ጥንቸል ይፈራ የነበረን ጴጥሮስ የተባለ ሕፃን እንዴት እንዳዳነች ጻፈች። ሕፃኑ የሚወደውን ምግብ እየበላ ሳለ ጥንቸሏ በመጀመሪያ ከሩቅ ትቀመጣለች፤ ቀን በቀን ጥቂት በጥቂት እየቀረበች በመጨረሻ ሕፃኑ በእጁ ዳሰሳት። የጎተ እናት ኮክ እዚህ ላይ ትዝ ሳይል አይቀርም። ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ጆሴፍ ዎልፕ ደግሞ በ1958 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ በሽተኛው ሰውነቱን ማዝናናት ከተማረ በኋላ የሚፈራቸውን ነገሮች ከቀላሉ ወደ ከባዱ በደረጃ እንዲጋፈጥ የሚያደርግ ሕክምና አስተዋወቀ።

ዛሬም ዋናው ሕክምና ይኸው በደረጃ መጋፈጥ ነው። በዚህ ረገድ ወጣቱ ጎተ ሊነቀፍ ይችላል፤ ከሁሉ አስቀድሞ የዓለምን ረጅሙን ሕንፃ መውጣት የማንም ሐኪም ምክር አይደለም። ለካፋ ሰው ነገሩን በቅርብ ምሳሌ ማየት ይቀላል። በካፋ አካባቢዎች ንብ አናቢዎች ቀፏቸውን ከረጃጅም ዛፎች ላይ ይሰቅላሉ። ከዛፍ መውደቅ ይገድላልና ከፍታን መጠንቀቅ የጤና ምልክት እንጂ ሕመም አይደለም። በሌላ በኩል ዛፍ ላይ ሊወጣ ቀርቶ ድልድይ መሻገር፣ ከፎቅ መስኮት አጠገብ መቆም ወይም የራሱን ጎተራ መክፈቻ መሰላል መርገጥ ያቃተው ሰው እርዳታ ያስፈልገዋል። ሕክምናው ከሁለተኛው የመሰላል መርገጫ ሊጀምር ይችላል። እዚያ ላይ ጭንቀቱ እስኪበርድ ይቆማል፤ ነገ ደግሞ አንድ ይጨምራል። እባብንም መፍራት እንዲሁ ነው፤ በደን ውስጥ የሚሠራ ሰው እባብ ቢጠነቀቅ ልክ ነው፣ ሥዕሉን አይቶ ከቤት መውጣት ካቆመ ግን ነገሩ ሌላ ሆኗል።

ደምና መርፌ መፍራት የራሱ ጠባይ አለው። በሌሎቹ ፍርሃቶች የደም ግፊት ሲጨምር፣ በዚህኛው መጀመሪያ ጨምሮ በድንገት ይወርድና ሰውየው ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ሕመምተኛው እንዲዝናና ሳይሆን የእጁን፣ የእግሩንና የሆዱን ጡንቻዎች ለአሥርና አሥራ አምስት ሰከንድ ያህል አጥብቆ እንዲወጥር፣ ከዚያም እንዲያላላና እንዲደግም ይማራል። ይህ ፍርሃት ክትባትና የወሊድ ክትትል እስከማስቀረት ስለሚደርስ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። መድኃኒት በአንዳንድ ሁኔታ ጭንቀቱን ለጊዜው ቢያበርድም ፎቢያን ብቻውን አይነቅለውም። ለአካባቢው ቅርብ ከሆኑት ተቋማት መካከል የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል፣ በአዲስ አበባም የአማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ።

ጎተ የሕግ ትምህርቱን በ1771 ዓ.ም. ጨርሶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያሳተመው የወጣቱ ቨርተር ታሪክ በአውሮፓ ሁሉ ስሙን አስጠራ፤ በ1775 ዓ.ም. የቫይማር መስፍን ጠርቶት በዚያው ሹም ሆኖ ኖረ። የስትራስቡርጉ ልፋት ፍሬውን የሰጠው ከዚህ በኋላ ነው። በ1777 ዓ.ም. በታኅሣሥ በረዶ ብሮከን የተባለውን ተራራ ወጣ። ኢጣልያ ሲሄድ እሳተ ገሞራ የሚተፋውን የቬሱቪየስን ተራራ ደጋግሞ ወጣ። በሮም የሥዕልና የቅርጽ ሥራዎችን በቅርብ ለመመልከት ከፍ ካለ ስፍራ ሲቆም፣ ግንባታ ላይ ከአናጢዎች ጋር በአግዳሚ እንጨት ላይ ሲሻገር፣ የማማው ልምምድ እንደጠቀመው መስክሯል። በ1792 ዓ.ም. በቫልሚ ጦርነት የመድፍ ጥይት ወደሚወድቅበት ሜዳ በፈረስ ተጠግቶ፣ ፍርሃት በሰውነቱ ላይ የሚያደርገውን ልክ እንደ ተፈጥሮ ተመራማሪ አስተዋለ። ይህንኛው ድፍረት ከብልህነት የሚቆጠር አይመስልም።

ከካፋ ጋር የሚያገናኘው ክር የተገኘው በሰባ ዓመቱ ነው። በ1819 ዓ.ም. ሩንገ የተባለ ወጣት ኬሚስት፣ የአንድ መርዛማ ተክል ጭማቂ የድመትን የዓይን ብሌን እንዴት እንደሚያሰፋ በየና ከተማ አሳየው። ሽማግሌው እጅግ ተደስቶ፣ ይህንም መርምር ብሎ አንድ ሣጥን የቡና ፍሬ ሰጠው። ሩንገ ብዙም ሳይቆይ ከፍሬው ውስጥ ካፌይንን ለየ። አረቢካ ቡና በተፈጥሮ የበቀለው በካፋና በአካባቢው ደኖች ነውና፣ ግኝቱ ሥሩ ከዚህ ይነሣል። ካፌይን ሲበዛ ልብን ያስመታል፣ እጅን ያንቀጠቅጣል፤ እነዚህም የፍርሃት ምልክቶች ስለሆኑ በጭንቀት ለሚሠቃይ ሰው ሐኪሞች ስኒውን እንዲቀንስ ይመክራሉ። ይህን በቡና አገር መናገር ቀላል አይደለም።

ጎተ አንድ ፍርሃት ግን ሄዶ አልገጠመውም፤ ሞትን። ሌሊት መቃብር ለመቃብር የዞረው ሰው ከቀብር ሥነ ሥርዓት ይርቅ፣ ስለ ሞትም ሲወራ መስማት ይጠላ ነበር። ሚስቱ ክርስቲያነ በ1816 ዓ.ም. በብርቱ ሕመም ስታጣጥር እርሱ በሌላ ክፍል ታሞ ተኝቶ ነበር፤ ከአልጋዋ አጠገብም አልተገኘም። ፋውስት የተሰኘውን ታላቅ ድርሰቱን ከጨረሰ በኋላ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መጋቢት 22 ቀን 1832 ዓ.ም. በቫይማር ቤቱ፣ ከአልጋው አጠገብ ባለ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ በ82 ዓመቱ ዐረፈ።